ከአንኮበር ተራራ እስከ ባሕር፤ ፌስታል በባሕር ፍጥረት ላይ የሚያደርሰው ጕዳትና የነጋዴው ድርሻ

አንኮበር ከባሕር የራቀች የተራራ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህም ፕላስቲክ በባሕር ፍጥረት ላይ ስለሚያደርሰው ጕዳት ሲነገር፣ አንዳንድ ነጋዴ ነገሩን የወደብ አገሮች ጕዳይ ብቻ አድርጎ ይመለከተዋል። ነገር ግን ይኸው ነጋዴ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ቢቈጥር፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ብዙ መሆኑን ይገነዘባል። ዕቃው በባሕር መጥቶ ተራራ ከወጣ፣ መጠቅለያው ከተራራ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ለነጋዴ የሚገባ ጥያቄ ነው።

አንኮበርና ታጁራ

የከተማይቱ ስም «የአንኮ በር» ከማለት የመጣ መሆኑ በቃል ሲነገር የቈየ ነው። በር መሆኗም በንግድ ታሪክ የተመሰከረ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ሲራራ ነጋድያን ከታጁራ ወደብ ተነሥተው፣ በአሳል የጨው ሐይቅ በኩል አልፈው፣ የአፋርን በረሓ አቋርጠውና አዋሽን ተሻግረው፣ ከአንኮበር በታች በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ይሰፍሩ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ካፒቴን ሐሪስ በዚሁ መንገድ ወደ አንኮበር ወጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላም ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ በጥቅምት 1886 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሣ፤ አንኮበር የደረሰው ግን በየካቲት 1887 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ ጕዞው አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል።

በዚያ ዘመን ዕቃ የሚጫነው በአቁማዳ፣ በስልቻ፣ በሰሌንና በቃጫ ነበር። መያዣው ሲያረጅ ወይም በመንገድ ሲጣል መሬት ይበላዋል፤ ምስጥ ያልጨረሰውን ዝናብ ያበሰብሰዋል። ዛሬ ያ የሲራራ መንገድ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል። አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ በጅቡቲ ወደብ በኩል በኮንቴይነር፣ በባቡርና በከባድ መኪና ይመላለሳል። አራት ወር ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አጥሯል። ይህ ለንግድ ታላቅ ጥቅም ነው። ከመንገዱ ጋር ግን መያዣውም ተለውጧል፤ የተለወጠውም መያዣ መሬት የማይበላው፣ ምስጥ የማይጨርሰው፣ ዝናብም የማያበሰብሰው ሆኗል።

የጥንቱ ሲራራ ይነሣበት የነበረው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዛሬ በባሕር ሊቃውንት ዘንድ በሌላ ነገር ይታወቃል። በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ የሆነው፣ ጀርባው በነጫጭ ነጠብጣቦች የተሸለመ ግዙፍ ሻርክ በዚያ ይሰበሰባል። ይህ ፍጥረት ሰው የሚተናኰል አይደለም። አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጣራ በውስጡ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ይመገባል። በውሃው ላይ የላስቲክ ስብርባሪ ካለ ከምግቡ ጋር አብሮ ይገባል፤ እህሉን ከእንክርዳዱ የሚለይበት ወንፊት የለውምና።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

የአንኮበር ተራራ ውሃ አካፋይ ነው። ከተራራው በስተምዕራብ ባለው ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ዓባይ ያዘነብላል። በደብረ ብርሃን አጠገብ የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ በግብፅ በኩል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይፈስሳል። ከተራራው በስተምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ግን ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

እንግዲህ በክረምት ጐርፍ ከገበያ ቦይ የተጠረገ ፌስታል እንደ ወደቀበት ዳገት በሁለት መንገድ ይሄዳል። በምዕራብ የወደቀው የባሕርን መንገድ ይይዛል። እርግጥ ነው፣ በዚህ ረጅም ጕዞ አንዱ በእሾህ ላይ ይቀራል፤ አንዱ በደለል ይቀበራል፤ አንዱም በግድብ ይታገዳል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የተነሣ ፌስታል ሁሉ ሜዲትራንያን ይደርሳል ማለት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ዓባይን ፕላስቲክን ወደ ባሕር በብዛት ከሚያጓጕዙት አሥር ወንዞች አንዱ አድርጎ ቈጥሮት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጥፋቱ የጥቂት ታላላቅ ወንዞች ብቻ አለመሆኑን፣ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ወንዞች ሸክሙን እንደሚከፋፈሉ፣ በከተማ አጠገብ የሚያልፉ ትናንሽ ወንዞችም ከታሰበው በላይ ድርሻ እንዳላቸው አስረድቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ወንዙ ትንሽ ነውና የእኔ ቆሻሻ አይቈጠርም የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

በምሥራቅ የወደቀው ፌስታል ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ነገር ግን መውጫ በሌለው ምድር ይቀራል ማለት ነው። አዋሽ ያወረደውን ሁሉ በአፋር ሜዳና በመጨረሻው ሐይቅ ይተወዋል። በዚያም የሚኖሩ ሰዎች፣ ግመሎችና አዕዋፍ ከደጋው ገበያ የተላከውን ሳያዙት ይረከባሉ።

ፌስታል በባሕር ውስጥ እንዴት ይገድላል?

ጕዳቱ በሦስት መንገድ ይደርሳል፤ በመዋጥ፣ በመጠለፍና በመድቀቅ።

የመዋጡ ነገር እንደሚከተለው ነው። የባሕር ኤሊ ከምግቦቹ አንዱ ጄሊፊሽ የሚባለው፣ አጥንት የሌለውና እንደ ውሃ የጠራ ፍጥረት ነው። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፌስታል በመልኩም በእንቅስቃሴውም ይህን ፍጥረት ይመስላል። የኤሊው ጕሮሮ ደግሞ የያዘውን ምግብ እንዳያመልጠው ወደ ውስጥ በተመለሱ እሾህ መሰል ነገሮች የተሞላ ስለ ሆነ፣ የዋጠውን መልሶ መትፋት አይሆንለትም። ፌስታሉ አንጀቱን ይዘጋል፤ እንስሳው ሆዱ ሞልቶ ሳለ በረኃብ ይሞታል። በአውስትራሊያ የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 14 ቍራጭ ፕላስቲክ የዋጠ የባሕር ኤሊ የመሞት ዕድሉ እኩሌታ መሆኑን አመልክቷል።

ዐይን ብቻ ሳይሆን አፍንጫም ይሳሳታል። በባሕር የሰነበተ ላስቲክ አልጌ የሚባለው ነገር ስለሚበቅልበት የምግብ ሽታ ያወጣል። ምግባቸውን በሽታ የሚፈልጉ የባሕር አዕዋፍም ወደ እርሱ ይሳባሉ። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው በሚድዌይ ደሴት አልባትሮስ የሚባለው ትልቅ ወፍ የጠርሙስ ክዳንና የተጣለ የሲጋራ መለኰሻ ከባሕር ለቅሞ ጫጩቶቹን ሲመግብ፣ የሞቱት ጫጩቶችም ሆዳቸው በዚሁ ተሞልቶ ሲገኝ ለብዙ ዓመታት በፎቶግራፍ ተመዝግቧል።

ታላላቆቹ ዓሣ ነባሪዎችም ከዚህ አላመለጡም። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በታይላንድ የተገኘ አንድ ዓሣ ነባሪ ከ80 የሚበልጡ ፌስታሎች ውጦ ሞቷል፤ ክብደታቸው 8 ኪሎ ግራም ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር በኢንዶኔዥያ የባሕር ዳርቻ ከሞተ ሌላ ዓሣ ነባሪ ሆድ 115 የፕላስቲክ ኩባያ፣ 25 ፌስታል፣ 4 የውሃ ጠርሙስና 2 ነጠላ ጫማ ወጥቷል። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፊሊፒንስ ከአንድ ዓሣ ነባሪ ሆድ የወጣው ፕላስቲክ ሲመዘን 40 ኪሎ ግራም ሆነ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የተቈጠሩትን ዕቃዎች በጎረቤላ ወይም በደብረ ብርሃን ሱቅ የማያውቃቸው ነጋዴ የለም።

የመጠለፉ ጕዳት በይበልጥ የሚደርሰው ከዓሣ ማጥመጃ መረብና ከገመድ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ተከማችቶ ከሚንሳፈፈው ታላቅ የፕላስቲክ ክምር በክብደት እኩሌታው የሚጠጋው የተጣለ መረብ መሆኑ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታውቋል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በፌስታል ላይ መጫን እውነትን ማጓደል ይሆናል። ከካርቶንና ከጥጥ እስር ላይ የሚወልቀው የፕላስቲክ ማሰሪያ ግን የነጋዴ ዕቃ ነው። ማሰሪያው ሳይቈረጥ እንደ ቀለበት ተጎትቶ ከወጣና ባሕር ከደረሰ፣ ትንሽ ሳለ አንገቱን ያስገባበትን እንስሳ ሲያድግ ያንቀዋል።

የመድቀቁ ጕዳት ለዐይን የማይታየው ነው። ፕላስቲክ በፀሐይና በማዕበል ይሰባበራል እንጂ እንደ ቅጠል ወደ አፈርነት አይመለስም። አንዱ ፌስታል አንድ ሺህ ቍራጭ፣ አንዱ ቍራጭም የዱቄት ያህል የደቀቀ ብዙ ቅንጣት ይሆናል። ይህም ቅንጣት ከትንሹ ፍጥረት ወደ ትንሹ ዓሣ፣ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ፣ ከዚያም ወደ ሰው ማዕድ ይሸጋገራል።

ከመርከብ ላይ የሚፈስሰው

ለአስመጪዎች ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የፕላስቲክ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ በምስር መጠን የተሠራ ጠጠር መሰል ፍሬ ሆኖ በከረጢት ይጓጓዛል። በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ኤክስ ፕሬስ ፐርል የተባለ መርከብ በስሪላንካ በኮሎምቦ ወደብ አጠገብ ተቃጥሎ ከ1,600 ቶን የሚበልጥ የዚህ ፍሬ ጭነት ወደ ባሕር ፈሰሰ። ዳርቻው በረዶ የወረደበት መሰለ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ የሞቱ ኤሊዎችና ዶልፊኖች በዳርቻው ተገኙ፤ ዓሣ አጥማጆችም ሥራቸውን እንዲያቆሙ ተገደዱ። ዓሣው ፍሬውን የዓሣ ዕንቍላል መስሎት ይውጠዋል። በጅቡቲ በኩል ይህን የመሰለ ጭነት የሚያስገባ ሰው፣ በወደብም ሆነ በመጋዘን የተቀደደ ከረጢት ሳይጠረግ እንዳይቀር በውሉ ላይ ቢያስገባው ራሱንም ይጠቅማል፤ የፈሰሰው ፍሬ ዋጋ የተከፈለበት ነውና።

በአገር ውስጥ ውሃና በከብት ላይ

በባሕር የታየው ጕዳት በአገር ውስጥ ያልታየ መስሎ የሚኖር ቢኖር ተሳስቷል። በዝዋይ ሐይቅ አራት ዐይነት ዓሦች ተይዘው በተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ዓሦች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ዝዋይ ባሕር አይደለም፤ ዓሣው ግን በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጥ ነው።

በየቄራው ከታረዱ ከብቶች ጨጓራ ፌስታልና ገመድ መውጣቱም በእንስሳት ሐኪሞች ጥናት በተለያዩ የኢትዮጵያ ከተሞች ተደጋግሞ ተመዝግቧል። ላም እንደ ኤሊው ፌስታሉን ሌላ ፍጥረት መስሏት አይደለም የምትበላው። የጨው፣ የእንጀራ ወይም የአትክልት ጣዕም ስለ ቀረበት ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ጨጓራዋ ይሞላል፣ መኖ አትቀበልም፣ ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል፤ ባለቤቷም በሽታዋን ሳያውቅ በርካሽ ይሸጣታል ወይም ይቀብራታል።

ከአንኮበር በታች ያለው ቈላ የግመል አገር ስለ ሆነ ቀጥሎ ያለው በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በዱባይ የሚገኙ የእንስሳት ሐኪሞች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30,000 የሚያህሉ የሞቱ ግመሎችን መርምረው በ300ዎቹ ሆድ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የፌስታልና የገመድ ድቡልቡል ማግኘታቸውን በ2021 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። ከመቶ አንድ መሆኑ ነው። የአንድ ግመል ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ ስሌት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሕጉ የሚለው

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ጕዳይ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513/1999፣ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑና የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ሆኖም ስሱ ፌስታል ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ይህ አዋጅ በአምራቹና በአስመጪው ላይ ብቻ ሳይሆን በሚሸጠውና በሚጠቀመው ሰው ላይም ቅጣት ያኖረ ስለ ሆነ፣ በመጋዘኑ የፌስታል ክምችት ያለበት ነጋዴ ሁሉ አዋጁን አስነብቦ መረዳት ይገባዋል። ሕጉን አላወቅሁም ማለት በፍርድ ፊት ምክንያት አይሆንም።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ቀድመዋል። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ፌስታልን ከልክለዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ አንዳንድ የፕላስቲክ ዕቃዎች በገበያው እንዳይቀርቡ አድርጓል። ዕቃውን ወደ እነዚህ አገሮች የሚልክ ነጋዴ የመያዣውንም ነገር ከዕቃው ጥራት ጋር አብሮ ሊያስብበት ይገባል።

የነጋዴው ችግርና መፍትሔው

ባለሱቁ የሚያቀርበው ምክንያት የማይናቅ ነው። ደንበኛው ሩብ ኪሎ ስኳርና ሁለት ሳሙና ሊገዛ ባዶ እጁን ይመጣል። ፌስታል ከሌለ ትቶት ወደ ጐረቤት ሱቅ ይሄዳል። ወረቀት ይረጥባል፤ ዘንቢልም ከፌስታል ይወደዳል። ትርፉ በሳንቲም የሚቈጠር ሰው አንድ ደንበኛ ማጣት ይጐዳዋል። ከዚህም በቀር ፕላስቲክ ሁሉ ክፉ አይደለም። ጀሪካን የእንስራን ሸክም ከእናቶች ጀርባ አቃልሏል፤ መድኃኒትም በፕላስቲክ ተጠብቆ ይመጣል። ክርክሩ ለዓመታት ከሚያገለግለው ዕቃ ጋር አይደለም፤ ከሱቅ እስከ ቤት ሩብ ሰዓት አገልግሎ ለትውልድ ከሚተርፈው ጋር ነው።

አንዱ ባለሱቅ ብቻውን ቢከለክል ደንበኛውን እንደሚያጣ የታወቀ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ የአንድ ገበያ ነጋዴዎች ሁሉ ተመካክረው በአንድ ቀን ቢጀምሩ ግን ደንበኛው የሚሸሽበት ጐረቤት ሱቅ አይኖርም። ነጋድያን እንደ ንግድ ምክር ቤት ባለ ማኅበር የሚሰበሰቡትም ለዚህ ዐይነቱ ጕዳይ ነው። በየሥራው ዘርፍ ሊደረግ የሚችለው ከዚህ ቀጥሎ ተዘርዝሯል።

1ኛ. አስመጪው፦ ፌስታል ከማዘዝ መቈጠብ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን የሚልክለት ድርጅት አላስፈላጊውን የላስቲክ ሽፋን እንዲቀንስ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ መግለጽ ይችላል። «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፌስታል ሲገዛም ይጠንቀቅ። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ በተደረገና በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርመራ፣ ይህ ጽሑፍ ያለበት ፌስታል ሦስት ዓመት በአፈርና በባሕር ውስጥ ከቈየ በኋላ ወጥቶ ዕቃ ለመሸከም በቅቷል። ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሆን የታወቀ መሥሪያ ቤት የሰጠውን የምርመራ ማረጋገጫ መጠየቅ ይገባል።

2ኛ. ጅምላ ሻጩ፦ የካርቶን ማሰሪያዎችን ከመጣሉ በፊት ሁሉንም በመቀስ ይቍረጥ፤ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። ባዶውን ኬሻና ማዳበሪያ አጥቦና ሰፍቶ መልሶ መሸጥ ይቻላል። ማዳበሪያ በፀሐይ ሲያረጅ ወደ ክር ስለሚበታተን ግን ከመበታተኑ በፊት ከሥራ መውጣት አለበት።

3ኛ. ላኪው፦ ቡናና የቅባት እህል በኬሻ ሲላክ የኖረ ዕቃ ነው፤ የገዢው አገር ሕግ በሚፈቅደው ሁሉ ይህን ልማድ ማጽናት ይጠቅማል። የቁም ከብትና ግመል የሚልክም ነጋዴ ከብቶቹ የሚሰማሩበትና የሚያርፉበት ስፍራ ከፌስታል የጸዳ እንዲሆን መጠበቁ ንብረቱን መጠበቁ ነው።

4ኛ. ባለሱቁ፦ ዘንቢል፣ የጨርቅ ቦርሳና የቃጫ ከረጢት ለሽያጭ ቢያቀርብ አዲስ ሸቀጥ አገኘ ማለት ነው። ይህም ለአካባቢው ሠራተኞች ሥራ ይከፍታል። ዘይት፣ ማርና ቅቤ ለሚገዛ ደንበኛ የራሱን ዕቃ ይዞ ለመጣው የጥቂት ሳንቲም ቅናሽ ማድረግ ልማዱን በፍጥነት ይመልሰዋል።

5ኛ. ሁሉም፦ ላስቲክ ከጓሮ አይቃጠል። ጭሱ ለጐረቤትም ለባለቤቱም ሳንባ መርዝ ነው። የውሃ ጠርሙስና የተሰበረ ጀሪካን ለቁራሌው መስጠት ወይም መሸጥ ይቻላል፤ በፋብሪካ ተፈጭተው ዳግመኛ ጥቅም ላይ ይውላሉና። ክረምት ሳይገባም በየሱቁ ፊት ያለውን ቦይ መጥረግ ያስፈልጋል። ጐርፉ ከወሰደው በኋላ የሚለቅመው ሰው የለም።

ማጠቃለያ

በ1950 እ.ኤ.አ. የዓለም የፕላስቲክ ምርት በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመርቶ ከተጣለው ሁሉ ተመልሶ ለሌላ ሥራ የዋለው ከመቶ 9 እጅ ያህል ብቻ መሆኑም ተሰልቷል። መንግሥታት ይህን የሚገታ ዓለም አቀፍ ውል ለማድረግ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ተስማምተው ድርድር ጀመሩ፤ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የተደረገው ስብሰባ ግን ያለ ስምምነት ተበትኗል። ታላላቆቹ ሳይስማሙ የአንኮበር ባለሱቅ ምን ያደርጋል የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ፌስታል ከፋብሪካ እስከ ባሕር በሚያደርገው ጕዞ በሰው እጅ የሚያልፍባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ የሱቅ መደርደሪያ ነው። ከዚያ ካለፈ በኋላ የነፋስና የጐርፍ ይሆናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ በነጻ የሚሰጠው ፌስታልም ዋጋ የሌለው መስሎ ዋጋውን ቈይቶ ከባለከብቱ፣ ከዓሣ አጥማጁና ከግመል ነጋዴው ላይ ይቀበላል።

አንኮበር በዘመኗ በር ነበረች። በር የሚገባውንና የሚወጣውን የሚለይ ነው። በሣህለ ሥላሴ ዘመን በአልዩ አምባ የሚያልፍ ጭነት ሁሉ ተፈትሾና ቀረጥ ከፍሎ ይገባ ነበር። ዛሬ የበሩ ቍልፍ በእያንዳንዱ ነጋዴ እጅ ነው። የሚያዘውን፣ የሚያስገባውንና ለደንበኛው የሚያስይዘውን እርሱ ይመርጣል። ይህን ምርጫ አስቦ ያደረገ ነጋዴ ሕጉን ያከብራል፤ የአገሩን ከብት ከሞት ያድናል፤ ስሙንም ሰምታ በማታውቀው ኤሊ ላይ ሊደርስ የነበረውን ጥፋት በሱቁ ደጃፍ ያስቀራል።